ሁለት ሃርድ ዲስክ እንደ አንድ ሲሠራ፦ የደሴና የኮምቦልቻ አንባቢዎች ጥያቄዎች

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች አንድ ጉዳይ ያገናኛቸዋል። ያገለገሉ ዴስክቶፖች በገበያው በዝተዋል፤ ከእነሱም መካከል ሁለት ሃርድ ዲስኮች ተጣምረው እንደ አንድ ዲስክ የሚሠሩባቸው አሉ። ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ችግር ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ በችኮላ የሚጫን አንድ ቁልፍ የዓመታት ሥራ ሊያጠፋ ስለሚችል መልሶቻችንን ዘርዘር አድርገናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሰርግ ቪዲዮ እየቀረጽኩ ቤቴ ኤዲት አደርጋለሁ። በቅርቡ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዛሁ። ዊንዶውሱ ትንሽ ኤስኤስዲ ላይ ነው፤ ዲ የሚለው ግን 1.81 ቴራባይት ያሳያል። ሳስከፍተው ውስጡ ያሉት ባለ 1 ቴራባይት ሁለት ሃርድ ዲስኮች ናቸው። ጠጋኙ «ሬይድ ዜሮ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ነው፤ እንዳትነካው» አለኝ። ነገሩ ምንድን ነው? የደንበኞቼን ሰርግ እዚያ ላይ ባስቀምጥስ?

መልስ፦ ጠጋኙ ስሙን በትክክል ነግሮዎታል። ያልነገረዎት የሚያስከፍለውን ዋጋ ነው።

ሬይድ ዜሮ፣ በሌላ ስሙ ስትራይፕ፣ አንድን ፋይል በእኩል ቁራጭ እየከፈለ በሁለቱ ዲስኮች ላይ በየተራ ይጽፋል። የቁራጩ መጠን ሲዘጋጅ የሚመረጥ ነው፤ ኢንቴል ቺፕሴት ባላቸው ማሽኖች ላይ ለሃርድ ዲስክ የተለመደው 128 ኪሎባይት ነው። አንድ ጊጋባይት የሆነ የቪዲዮ ፋይል ወስደን እናስላው። በ128 ኪሎባይት ሲከፈል 8,192 ቁራጭ ይወጣዋል። የመጀመሪያው ቁራጭ በአንደኛው ዲስክ፣ ሁለተኛው በሁለተኛው፣ ሦስተኛው እንደገና በአንደኛው እያለ ይቀጥልና እያንዳንዱ ዲስክ 4,096 ቁራጭ ይይዛል። ፋይሉ ሲነበብ ሁለቱም ዲስኮች እኩል ስለሚሠሩ ፍጥነቱ ይደመራል። አንዱ ዲስክ ብቻውን በሰከንድ 150 ሜጋባይት የሚያነብ ከሆነ ሁለቱ አንድ ላይ ወደ 300 ይጠጋሉ። ዲስኩ እየሞላ ሲሄድ ግን ይህ ቁጥር ይወርዳል። ሃርድ ዲስክ መጻፍ የሚጀምረው ከሳህኑ ውጫዊ ጠርዝ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ በአንድ ዙር የሚያነበው ስለሚያንስ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይጠጋል።

አሁን ዋጋውን እንይ። ከሁለቱ አንዱ ዲስክ ቢሞት ከየፋይሉ ግማሹ ቁራጭ አብሮ ይሄዳል። በየ128 ኪሎባይቱ የተበሳሳ ቪዲዮ ደግሞ አይከፈትም። «ግማሹ ሰርግ ይተርፍልኛል» ብሎ ማሰብ አይቻልም። ሊተርፉ የሚችሉት ከአንድ ቁራጭ ያነሱ ጥቃቅን ፋይሎች ናቸው፤ የእነሱም ስምና ማውጫ የተጻፈበት ክፍል ራሱ ተከፋፍሎ ስለሚጎዳ እነሱን መልቀም ባለሙያ ይፈልጋል። አደጋውም እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። ለስሌት ያህል አንድ ዲስክ በዓመት ከ100 የመሞት ዕድሉ 3 ነው ብንል፣ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ የመሞት ዕድሉ 5.91 ይሆናል። የእርስዎ ዲስኮች ደግሞ ያገለገሉ ናቸው።

ሬይድ የሚለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ባቀረቡት ጽሑፍ ሲታወቅ ደረጃዎቹ ከ1 እስከ 5 ነበሩ። አምስቱም አንድ ዲስክ ሲሞት መረጃ እንዲተርፍ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ዜሮ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም፤ በኋላ የተጨመረ ነው፤ መጠባበቂያ የሚባል ነገርም የለውም። ስለዚህ «ሬይድ ስለሆነ ይጠብቅልኛል» የሚል ካለ አይመኑት።

ከዚህም ሌላ ልናነሳልዎት የምንፈልገው ነገር አለ። ለእርስዎ ሥራ ይህ ፍጥነት ያስፈልጋል ወይ? የካሜራዎን ፋይል በቁጥር እንየው። ፉል ኤችዲ በሰከንድ 50 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ ከዲስክ የሚፈልገው በሰከንድ 6.25 ሜጋባይት ብቻ ነው። ፎርኬ በ100 ሜጋቢት ቢቀርጹ እንኳ 12.5 ሜጋባይት ነው። ሁለት ካሜራ ጎን ለጎን ቢያጫውቱ 25 ሜጋባይት ይሆናል። 150 የሚያነብ አንድ ጤነኛ ዲስክ ይህን ይችላል። ኤዲት ሲያደርጉ ምስሉ የሚንቀጠቀጠው አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ቀርፋፋ ሆኖ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ የታመቀውን ቪዲዮ ፈትቶ ማድረስ ስለሚያቅተው ነው። ማረጋገጡ ቀላል ነው፤ ቪዲዮው ሲንቀጠቀጥ ታስክ ማናጀርን ከፍተው ፐርፎርማንስ የሚለውን ይመልከቱ። ሲፒዩ 100 ነክቶ ዲስኩ 15 ወይም 20 ላይ ከሆነ ሬይድ ምንም አይፈይድልዎትም፤ በኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ፕሮክሲ፣ ማለትም ለኤዲት የሚሆን ቀለል ያለ የቪዲዮው ቅጂ፣ መሥራት ግን ይፈይዳል። ዲስኩ 100 ላይ ከተጣበቀ ደግሞ ምንጩን ቪዲዮ በአንድ ዲስክ፣ የሚወጣውን በሌላ ዲስክ ማድረግ ብቻውን ብዙ ያቃልላል፤ ያኔ የዲስኩ ራስ ሲያነብና ሲጽፍ ከወዲያ ወዲህ አይመላለስም።

ስትራይፕ የተደረገ ዲስክ አውድማ እንጂ ጎተራ አይደለም። ሌላ ቦታ ቅጂ ያለውን ፋይል አምጥቶ መሥሪያ ይሆናል፤ የሰው ሰርግ ግን አንድ ቅጂ ብቻ ሆኖ እዚያ ላይ አይቀመጥም። ሰርግ ደግሞ እንደገና አይቀረጽም።

የእኛ ምክር ስትራይፑን አፍርሰው ሁለቱን ዲስኮች ለየብቻ እንዲጠቀሙባቸው ነው። ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል።

መጀመሪያ ያለውን ሁሉ ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ይቅዱ። 1.5 ቴራባይት በዩኤስቢ 3 በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢሄድ ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በዩኤስቢ 2 በኩል ከሆነ በ35 ሜጋባይት 12 ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ገመዱን ሰማያዊ ምላስ ባለው ማስገቢያ ላይ መሰካትዎን ያረጋግጡ። መብራት የሚቆራረጥበት ቀን ከሆነ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይላኩ፤ በሰርግ በሰርግ፣ ፎልደር በፎልደር ይቅዱ። ቴራኮፒን የመሰለ ቀድቶ የሚያመሳክር ፕሮግራም ቢጠቀሙ ይሻላል። በማንኛውም መንገድ የቀዱት ቪዲዮ ከኤክስተርናሉ ላይ መከፈቱን፣ መጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን መሐሉንና መጨረሻውንም፣ በዓይንዎ ይዩ።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኮንትሮልና አይ ተጭነው ወደ ኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ገጽ ይግቡ፤ አዲስ ማሽን ከሆነ ይህ ገጽ ባዮሱ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ነው የሚገኘው። እዚያ የሬይድ ቮልዩሙን ዲሊት ያድርጉ። ይህ እርምጃ በዲ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል፤ የቅጂው ፍተሻ ካላለቀ እንዳይጀምሩት። በባዮስ ውስጥ ሬይድ የሚለውን ወደ ኤኤችሲአይ (ዲስኮችን ያለ ጥምረት ወደሚያሠራው ምርጫ) አይቀይሩ፤ ዊንዶውሱ የተጫነው በሬይድ ሁኔታ ስለሆነ በድንገት ቢቀየር ሰማያዊ ስክሪን አምጥቶ እምቢ ሊል ይችላል። ሬይድ ላይ እንዳለ ሁለቱ ዲስኮች ለየብቻ ያለ ችግር ይሠራሉ። በመጨረሻ በዲስክ ማኔጅመንት ሁለቱንም ጂፒቲ ብለው ኢኒሻላይዝ፣ ኤንቲኤፍኤስ ብለው ፎርማት ያድርጉ። አንዱ የዕለቱ ሥራ፣ ሌላው የማታ ቅጂ መያዣ ይሆናል። ያ ኤክስተርናል ደግሞ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ ሌላ ክፍል ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከኮምቦልቻ ነው የምጽፍላችሁ። መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒውተሬ «ኢናክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» የሚል ሰማያዊ ስክሪን ያወጣል፤ እንደገና ይነሳል፤ እንደገና ያወጣል። ባዮሱ ውስጥ ስገባ ዓመቱ 2015 ይላል። አንድ ጥገና ቤት «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፤ ፎርማት ይሁን» አሉኝ። ዊንዶውሱ ኤስኤስዲ ላይ ነው፤ ፎቶና የቢሮ ሥራዬ ያለበት ዲ ግን ሁለት ዲስክ የተጣመረበት ነው። ልስጣቸው?

መልስ፦ እባክዎ አይስጡ። ኮምፒውተሩንም ለጊዜው አያስነሱት። ምልክቶቹ ሁሉ የሚያሳዩት የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪ መሞቷን ነው። ባትሪዋ ሲአር 2032 ትባላለች፤ ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ናት፤ መብራት በሌለበት ጊዜ ሰዓቱንና የባዮሱን ምርጫዎች የምትጠብቀው እሷ ናት። ስትደክም ዓመቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ባዮሱም ወደ ፋብሪካ ምርጫው ይመለሳል። በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ይህ የፋብሪካ ምርጫ ኤኤችሲአይ ነው። የእርስዎ ዊንዶውስ ሬይድ ተመርጦ የተጫነ ስለሆነ ኤስኤስዲውን ማንበብ አቅቶት ነው ሰማያዊ ስክሪን የሚያሳየው። ዲስኮቹ ላይ ያለው መረጃ እስካሁን አልተነካም።

መብራቱን ከግድግዳ ይንቀሉ፤ ከዚያ በኮምፒውተሩ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲያልቅ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ። ክዳኑን ከፍተው ከመንካትዎ በፊት የገመዶቹን አሰካክ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ባትሪዋ በሰዓት መሸጫዎችና በኤሌክትሮኒክስ ቤቶች ትገኛለች፤ የመደመር ምልክት ያለበት ጎን ወደ ላይ ሆኖ ይገባል። ኮምፒውተሩን ሲያበሩ ዲሊት ወይም ኤፍ2 እየተጫኑ ባዮስ ይግቡ፤ ኤች ፒ ከሆነ ኤፍ10 ነው። ቀኑን ያስተካክሉ። ከዚያ የሳታ (ዲስኮቹ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኙበት መስመር) ሁኔታን የሚመርጠውን ቦታ ፈልገው ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ ይመልሱት፤ በዴል ማሽኖች ላይ «ሬይድ ኦን» ተብሎ ተጽፏል። ሴቭ አድርገው ይውጡ። በሚነሳበት ጊዜ በሚታየው የሬይድ ዝርዝር ውስጥ ቮልዩሙ «ኖርማል» ካለ ዊንዶውስም ዲም እንደነበሩ ይመጣሉ። «ፌይልድ» ካለ ደግሞ አንዱን ዲስክ አላየውም ማለት ነው፤ ያኔ ኮምፒውተሩን አጥፍተው የሳታና የመብራት ገመዶቹን ነቅለው መልሰው በደንብ ይሰኩ። ገመድ ተላቅቆ ዲስክ የሞተ የሚመስልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

በዚያው ገጽ ላይ «ሪሴት ዲስክስ ቱ ነን ሬይድ» የሚል ምርጫ ያያሉ። አይንኩት። ሁለቱ ዲስኮች አንድ መሆናቸውን የሚናገረውን ጽሑፍ የሚሰርዘው እሱ ነው።

ጥገና ቤቱ አዲስ ዊንዶውስ በኤኤችሲአይ ቢጭን ኖሮ ምን ይከሰት እንደነበር ማወቅ ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው መረጃውን የሚያጣው በዚህ መንገድ ነውና። አዲሱ ዊንዶውስ ሁለቱን ዲስኮች ለየብቻ ያያል። የክፍፍሉ ሰንጠረዥ የተጻፈው በመጀመሪያው ቁራጭ ስለሆነ አንደኛው ዲስክ «ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት አድርግ» ይላል፤ ሰንጠረዥ የሌለው ሁለተኛው ደግሞ «ኢኒሻላይዝ ላድርገው?» ብሎ ይጠይቃል። ለሁለቱም መልሱ ካንስል ነው። ጂፒቲ ተብሎ ኢኒሻላይዝ የተደረገ ዲስክ በመጀመሪያውም በመጨረሻውም ጫፍ ይጻፍበታል፤ ኢንቴል ስለ ጥምረቱ የሚመዘግበው መረጃ ደግሞ ያለው ዲስኩ መጨረሻ ላይ ነው። ይህን አንብበው «እኔ እኮ ኦኬ ብያለሁ» የሚሉ ካሉ ተስፋ አይቁረጡ። ፋይሎቹ ራሳቸው አልጠፉም፤ የጠፋው የአቀማመጣቸው መዝገብ ነው። ከዚህ በኋላ ምንም ሳይጽፉባቸው ሁለቱንም ዲስኮች ነቅለው አር ስቱዲዮን የመሰለ ሬይድ መልሶ የሚገጣጥም ፕሮግራም ወዳለው ባለሙያ ይውሰዱ፤ የቁራጩን መጠንና የትኛው ዲስክ አንደኛ እንደነበር መንገር ከቻሉ ሥራው በብዙ ይቀልለታል። የሚገኘው ፋይል ሁልጊዜ ወደ ሦስተኛ ዲስክ ነው የሚወጣው፤ ወደ እነዚያው ሁለቱ በፍጹም እንዳይሆን።

ጥያቄ፦ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነኝ። የ500 ጊጋባይትና የ1 ቴራባይት ሃርድ ዲስኮች አሉኝ። ዊንዶውስና ፕሮግራሞች ቶሎ እንዲከፈቱ በስትራይፕ ላጣምራቸው ፈልጌ ነበር፤ ዲስክ ማኔጅመንት ግን ወደ ዳይናሚክ መቀየር አይፈቅድም። ዊንዶውሱ ሆም ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ የከለከለህ የዊንዶውሱ ዓይነት ነው፤ ሆም ዳይናሚክ ዲስክ አይፈቅድም። ሆም ላይ ስቶሬጅ ስፔስስ የሚባል የዊንዶውስ ዲስክ ማጣመሪያ አለ፤ ከኮንትሮል ፓነል ገብተህ «ሲምፕል» የሚለውን ብትመርጥ የምትፈልገውን ጥምረት ይሰጥሃል፤ ዲስኮቹን ግን አጥፍቶ ነው የሚጀምረው፤ ዊንዶውሱም ከእሱ ላይ አይነሳም። በዲስክ ማኔጅመንት የሚሠራው ስትራይፕም እንዲሁ ነው፤ ዊንዶውስን ራሱን አይጭንም። ስለዚህ «ዊንዶውስ ቶሎ እንዲከፈት» ያልከው በሁለቱም መንገድ አይሆንልህም።

መጠኑም አያዋጣም። ባዮሱም ሆነ ዲስክ ማኔጅመንት ስትራይፕ ሲሠሩ ከእያንዳንዱ ዲስክ እኩል ነው የሚወስዱት፤ ከ500ውም ከ1 ቴራባይቱም 500 ጊጋባይት ወስደው 1 ቴራባይት ይሰጡሃል። ጥምረቱ የሚሄደውም በቀርፋፋው ዲስክ ፍጥነት ልክ ነው።

ዋናው ነጥብ ግን ሌላ ነው። ፕሮግራም ሲከፈት ኮምፒውተሩ የሚያነበው አንድ ትልቅ ፋይል አይደለም፤ በየቦታው የተበተኑ ብዙ ጥቃቅን ፋይሎችን ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ የሚፈለገው ቦታ ከራሱ በታች እስኪደርስ በአማካይ 4.17 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል፤ ራሱን ወደ ቦታው ማንቀሳቀሱ ደግሞ 8 ወይም 9 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ሲደመር 12 ወይም 13 ይሆናል። ዲስኮቹን ሁለት ብታደርጋቸው እያንዳንዱ ትንሽ ፋይል ያንኑ 13 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል፤ ከ128 ኪሎባይት ያነሰ ፋይል ብዙውን ጊዜ አንዱ ዲስክ ላይ ነውና ሌላው ሊያግዘው አይችልም። የሳታ ኤስኤስዲ ይህንኑ በ0.1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይሠራዋል። ገንዘብህን አጠራቅመህ ባለ 240 ወይም 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ግዛ፤ ዊንዶውሱን እዚያ ጫን፤ 1 ቴራባይቱን ለፋይል፣ 500ውን ለባክአፕ አድርገው። ማዘርቦርድህ የቆየ ሳታ 2 ቢሆንና ፍጥነቱ በሰከንድ ከ280 ሜጋባይት ባያልፍ እንኳ ልዩነቱን ኮምፒውተሩን ባበራህበት ቅጽበት ታየዋለህ።

ጥያቄ፦ ሁለት የዩኤስቢ ኤክስተርናል ዲስኮችን ስትራይፕ ማድረግ ይቻላል? (ከደሴ)

መልስ፦ በስቶሬጅ ስፔስስ ይቻላል፤ እኛ ግን አንመክርም። የዩኤስቢ ገመድ በትንሽ ንክኪ ይላቀቃል፤ በጽሕፈት መሐል ከሁለቱ አንዱ ለቅጽበት ከጠፋ ጥምረቱ በሙሉ ሊጎዳ ይችላል። አንዱን ዲስክ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ወስዶ መክፈትም አይቻልም፤ ኤክስተርናል የሚገዛው ደግሞ ለዚሁ ነበር።

ጥያቄ፦ ልጆቼ እንደምን ሰነበታችሁ። ደሴ ሸዋበር ነው የምኖረው። ለረጅም ዓመት የሰበሰብኳቸው የመንዙማ ካሴቶች አሉኝ፤ የልጅ ልጄ ወደ ኮምፒውተር እየገለበጠልኝ ነው። «ሁለት ዲስክ ገዝተን በሬይድ እናስቀምጠው፤ ፈጣንም አስተማማኝም ነው» ይለኛል። አንዳንዱ ካሴት ሌላ ሰው እጅ ያለ አይመስለኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ አባታችን፣ እግዜር ይስጥልን። ካሴቱ እያረጀ ሳለ ይህን ሥራ በመጀመርዎ እጅግ ደስ ብሎናል። የልጅ ልጅዎ ያሰበው መልካም ነው፤ ሬይድ ግን ብዙ ዓይነት ስለሆነ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ይጠይቁት። ሬይድ ዜሮ ከሆነ ለእርስዎ ሥራ ከሁሉም የከፋው ነው። ሁለቱ ዲስክ አንድ ቅጂ ይይዛሉ፤ አንዱ ሲሞት ሁሉም መንዙማ ይሄዳል። ሬይድ አንድ ከሆነ አንደኛው የጻፈውን ሌላው ይደግመዋል፤ አንዱ ቢሞት በሌላው ይቀጥላሉ። እሱም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። ልጅ በስሕተት ፎልደር ቢያጠፋ ከሁለቱም በአንድ ቅጽበት ይጠፋል፤ ቫይረስም እንዲሁ፤ ሌባ ኮምፒውተሩን ቢወስድ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል።

ፍጥነትም አያስፈልግዎትም። ሳይታመቅ በዋቭ፣ በሲዲ ጥራት የተቀዳ ድምፅ በደቂቃ ወደ 10 ሜጋባይት ይይዛል። የ60 ደቂቃ ካሴት 600 ሜጋባይት አካባቢ ነው ማለት ነው፤ 500 ካሴት ቢኖርዎት 300 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። ካሴቱ ራሱ ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ በዚያ ሰዓት ውስጥ ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሥራ ነው የሚቆየው።

ስለዚህ ባለ 1 ቴራባይት ሁለት ኤክስተርናል ዲስኮች ይግዙ፤ አያጣምሯቸው። አንድ ቅጂ በኮምፒውተሩ፣ አንድ በመጀመሪያው ኤክስተርናል፣ አንድ በሁለተኛው ይሁን። ሁለተኛውን ከቤት ያውጡት፤ ኮምቦልቻ ዘመድ ካለዎት እዚያ ይቀመጥ፤ ደሴ ቤት ላይ የሚደርስ እሳት ወይም ጎርፍ እዚያ አይደርስም። በየሦስት ወሩ ሁለቱን ኤክስተርናሎች እያለዋወጡ አዲስ የተገለበጠውን ይጨምሩባቸው። ከዋናው ዋቭ ለማዳመጫና ለሰው ለመስጫ ኤምፒስሪ ያውጡ፤ ዋቩን ግን ቦታ ይቆጥባል ብለው አያጥፉት። በየፋይሉ ስም ላይ የመንዙመኛውን ስም፣ የተቀዳበትን ቦታና ዓመት የሚያውቁትን ያህል ይጻፉ። ይህን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ዛሬ ካልተጻፈ ዲስኩ ቢተርፍ እንኳ የማን ድምፅ እንደሆነ የሚነግረን አይኖርም። ካሴቶቹንም ከገለበጡ በኋላ አይጣሉ።

ጥያቄ፦ ደሴ ከፍታ ስለሆነ ሃርድ ዲስክ ቶሎ ይበላሻል የሚባለው እውነት ነው? ሁለት ዲስክ ያለበት ኮምፒውተር ላይስ?

መልስ፦ ከፍታ ሃርድ ዲስክን ይመለከተዋል፤ ይህ ወሬ አይደለም። የዲስኩ ራስ ከሳህኑ በላይ በጥቂት ናኖሜትር የሚንሳፈፈው አየር ደግፎት ነው፤ አየሩ ከሳሳ ድጋፉ ያንሳል። አምራቾች ለአብዛኛው ዲስክ የሚሰጡት ወሰን ግን 3,048 ሜትር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆኑ ሁለቱም ከወሰኑ በታች ናቸው። ከጦሳ ግርጌ ያለ ቤት ዲስኩን በከፍታ ምክንያት አያጣም።

ከፍታው የሚያመጣው ሌላ ነገር ግን አለ። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ሙቀት ይዞ የመውጣት አቅሙ ያንሳል። ውጭው ብርድ ቢሆንም በተዘጋ ሣጥን ውስጥ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው የሚሠሩ ሁለት ዲስኮች ይግላሉ። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ ሞቃት ነው። በሁለቱ ዲስኮች መካከል አንድ ባዶ ቦታ ይተዉ፤ ከፊት ለፊታቸው ባለ 12 ሴንቲሜትር ፋን ይግጠሙ፤ አቧራውን በየጊዜው ያስነፉ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙቀቱን ያዩ ዘንድ ይችላሉ፤ ከ45 ዲግሪ በታች ይሁን። እዚያው «ሪአሎኬትድ ሴክተርስ» እና «ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር» የሚሉትን፣ የዲስኩን የተበላሹና የሚያጠራጥሩ ቦታዎች የሚቆጥሩትን መስመሮች ይመልከቱ። ዜሮ ከነበሩ በኋላ መቁጠር ከጀመሩ ስትራይፕ ያለው ሰው በዚያው ቀን መቅዳት መጀመር አለበት። «ሲአርሲ ኤረር» ብቻውን ከጨመረ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሳታው ገመድ ነው፤ ገመዱን ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ ስትራይፕ አለኝ፤ ለጊዜው ላፈርሰው አልችልም። መብራት ሲጠፋ ምን ልጠንቀቅ? ማዘርቦርዱ ቢቃጠልስ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አያቆይም፤ የሚያስፈልግዎት ዩፒኤስ ነው። 650 ቪኤ የሆነው ለአንድ ዴስክቶፕና ስክሪን ፋይል ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል። የዩኤስቢ ገመድ ካለው ይሰኩትና ዊንዶውስ ባትሪው ሲያንስ ራሱ እንዲያጠፋ ያዘጋጁት፤ እርስዎ ቤት በሌሉበትም ይሠራል። ዩፒኤስ እስኪገዙ ድረስ በኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ፕሮግራም ውስጥ «ራይት ባክ ካሽ» በርቶ ከሆነ ያጥፉት። እሱ ሲበራ ገና ዲስክ ላይ ያልተጻፈ መረጃ ሜሞሪ ላይ ይቆያል፤ መብራት በዚያ ቅጽበት ከጠፋ መረጃው አብሮ ይጠፋል፤ የፋይሎቹ ማውጫ ከሆነ ደግሞ የሚጎዳው ብዙ ነው።

ማዘርቦርዱ ቢቃጠል ዲስኮቹ እስካልተነኩ ድረስ መረጃው አለ። ሁለቱንም አንድ ላይ የኢንቴል ሬይድ ወደሚያውቅ ሌላ ማዘርቦርድ ወስደው በባዮሱ ሬይድ ቢመርጡ ጥምረቱን ራሱ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ማዘርቦርድ ካልተገኘ ኤምዲአድም የሚባለው የሊኑክስ ፕሮግራም ይህን የኢንቴል አመዘጋገብ ማንበብ ይችላል፤ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ከፍላሽ አስነስቶ ፋይሎቹን ወደ ኤክስተርናል መቅዳት ይቻላል። ይህ እንዲቀል ዛሬውኑ በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ ወረቀት ይለጥፉና «ስትራይፕ፣ ከሁለት አንደኛው፣ ቁራጭ 128 ኪሎባይት፣ ኢንቴል» ብለው ይጻፉበት፤ በሌላኛውም ላይ «ከሁለት ሁለተኛው» ብለው እንዲሁ ያድርጉ። የቁራጩን መጠን በሚነሳበት ጊዜ ከሚታየው የሬይድ ዝርዝር ላይ፣ «ስትሪፕ» ከሚለው ሥር ያገኙታል።